ሪፖርት ያልመጣለት ጉድጓድ

ጥቅምት 14 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ዕድሜና ጤናውን ለእርስዎም ለእማዬም ያብዛልኝ።

ጋሼ፣ ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳይሉኝ። ስልኩን የምታነሳው እማዬ ናት፤ እሷ ደግሞ «ደህና ነኝ፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ ገንዘብሽ እንዳያልቅ» ብላ ትዘጋዋለች። ዛሬ የምነግርዎ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም።

ሦስት ዓመት ስንሠራው የቆየነው ነገር ባለፈው ሳምንት ተከፈተ። ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ ሊያየው ይችላል። ካርታ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ በውሃ፣ በጤና፣ በትምህርት፣ በመንገድ የት እንደደረሰ በቀለም ያሳያል። አረንጓዴው ደህና ነው፣ ቢጫው ይታሰብበት፣ ቀዩ ይድረሱለት ማለት ነው። ወረዳውን ሲጫኑት ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ በነጥብ ተቀምጣለች። እኛ «ሰሌዳው» እንለዋለን። በጀት የሚመድቡት ሰዎች ከእንግዲህ እሱን አይተው ነው የሚወስኑት። አለቃ የሚያውቅ ወረዳ ዕቃ እየተላከለት እኛ እንቀራለን ይሉ አልነበር? ያ እንዲቀር ነው የለፋነው።

በምረቃው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰሌዳውን በትልቁ ግድግዳ ላይ የማሳየው እኔ ነበርኩ። የቱን ወረዳ ልክፈት ብዬ አላሰብኩም፤ እጄ ወደኛው ሄደ። በውሃ አረንጓዴ ነው ጋሼ። ከመቶ አሥራ ስምንት ጉድጓድ መቶ ዘጠኙ ይሠራል ይላል። «የተወለድኩት እዚህ ነው። እነዚህን ጉድጓዶች ሃያ ስድስት ዓመት የጠገነው ሰው አጎቴ ነው» አልኩ። አጨበጨቡ። ያጨበጨቡት ለእርስዎ ነው። አለቃዬ ሲወጣ ጨበጠኝና «እንዲህ ያለ ምሳሌ ነው የምንፈልገው» አለኝ።

እማዬን ስለ ውሃው ስጠይቃት ደህና ነው ትላለች። እርስዎም አንድ ቀን የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ቢሮ ገብተው ይዩትና ምን እንደተሰማዎት ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 19 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽ ይባረክ። ደብዳቤሽ ሰኞ ዕለት ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ ለራሴ፣ አንድ ጊዜ ለእናትሽ አነበብኩት። ያጨበጨቡት ላይ ስደርስ እናትሽ «እስቲ እሷን ድገማት» አለችኝ፤ ደገምኩላት። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሜዳ ላይ ይታዘዛል።

እንዳልሽው ኃላፊያችን ዘንድ ሄድኩ። ኮምፒውተር ያለው እሱ ቢሮ ብቻ ነው፤ ያውም አቧራ እንዳይነካው ፎጣ ለብሶ። «የሠራችው ያንተ ዘመድ ናት?» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። እዚያ ቢሮ ስገባ ስወጣ ስኖር ወንበር ሲሳብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ፣ ይህን ያገኘሁት ባንቺ ነው፤ ዕድሜ ይስጥሽ።

ሰሌዳውን ከፈተልኝ። ቆንጆ ነው። ከዚያ ወደ እናንተ ሰፈር አስገባሁት። ከእናትሽ በር ፊት ያለው ሠላሳ አንድ ቁጥር ጉድጓድ አረንጓዴ ነጥብ አለው፤ ጎኑ ላይ «የሚሠራ» ይላል።

ሠላሳ አንድ ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ ውሃ አይሰጥም። ውሃውን የሚስበው ዘንግ ከመሬት በታች ተበጥሷል። እጀታውን ብትነቀንቂው ባዶውን ይንጓጓል። ዘንግ ጠይቄ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው። በእርግጥ ስህተት ያለ ነው፤ በአንድ ጉድጓድ ሰው አይታማም። ግን ቤቴ ገብቼ የሥራ ደብተሬን አወጣሁና ቆጠርኩ። በእጄ ነክቼ የማውቃቸው ስልሳ አንድ ጉድጓዶች ቆመዋል። ሰሌዳሽ የቆሙት ዘጠኝ ናቸው ይላል።

ይህን የምነግርሽ ለምንድነው? አንቺን ለማስከፋት አይደለም። የተጨበጨበለት ሥራ ትክክል እንዲሆንልሽ ብዬ ነው።

እናትሽ ደህና ናት።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 30 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ከምረቃው ወዲህ ከስብሰባ ስብሰባ ነው። ከሌላ አገር የመጡ እንግዶችም ሰሌዳውን ማየት ይፈልጋሉ፤ ሁሌም የምከፍትላቸው የእኛን ወረዳ ሆኗል።

ስለ ሠላሳ አንድ ሲጽፉልኝ ደነገጥኩ። ወዲያው እማዬ ጋ ደውዬ ውሃ ከየት እንደምታገኝ ጠየቅኳት። «ጎረቤት ያመጣልኛል፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። እውነት ነው?

የቁጥሩን ነገር በተመለከተ፣ እኛ እዚህ ሆነን ቁጥር አንነካም። ሰሌዳው የሚያሳየው ወረዳዎቹ ራሳቸው በቅጹ ሞልተው የሚልኩትን ነው። ስለዚህ ኃላፊው አዲስ ሪፖርት በኢንተርኔት ይላክ፤ በማግስቱ ቀለሙ ይስተካከላል። አሠራሩ ለሁሉም እኩል ነው፤ ጥንካሬውም እሱ ነው። ደብተርዎን ይዘው ቢያነጋግሩት ይሻላል። የዘንጉን መግዣ ልላክ?

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


የካቲት 11 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። መግዣ ላኪ አልልሽም። ይህ ዘንግ ሱቅ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት ተመድቦ ካልመጣ የትም አይገኝም። የሚመደበው ደግሞ አሁን በሰሌዳሽ ነው።

ደብተሬን ይዤ ገባሁ። ኃላፊው ገጽ በገጽ አየው። ሊክደኝ እንደማይችል ያውቃል፤ ግማሾቹን አብረን ሄደን ነው ያየናቸው።

«ስልሳ አንድ ጉድጓድ ቆሟል ብዬ ልላክ?» አለኝ።

«ቆሞ የለም እንዴ?»

«ቆሟል። ግን ዓመቱን ሙሉ ኃላፊው እኔ ነበርኩ። ከአርባ ሦስት ወረዳ ሰባተኛ ነን። ነገ ጠዋት አርባኛ ስንሆን ማን ነው የሚጠየቀው፣ አንተ ነህ?»

«ታዲያ ውሸት እየላክህ ልትኖር ነው?»

«አልዋሸሁም» አለኝ፤ ፊቱም የዋሸ ሰው ፊት አልነበረም። «ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ምንም አልላክሁም። ምንም ካልላክህ የድሮው እንደሠራ ይቆጠራል፤ ደንቡ ነው። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።»

ያን ቀን ወንበር አልሳበልኝም።

ራሴ ልሞክር ብዬ የጽሕፈት ቤታችንን ሒሳብ ሠራተኛ ለመንኳት። ደግ ናት፤ ቅጹን በስልኬ ላይ ጫነችልኝ። የጉድጓዱን ፎቶ አንስቶ እዚያው ቆሞ መላክ ነው አለችኝ። ጉድጓዱ ዘንድ ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ነው። በዚህ ጉልበት ኮረብታው ላይ ወጥቼ ስልከው «ባሉበት ቦታ የተመዘገበ ጉድጓድ የለም» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው፤ ኮረብታ ላይ ጉድጓድ የለም። አራት ቀን ወጥቼ ወርጃለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የጥገና ክፍላችን ከጎረቤት ወረዳ ጋር ሊጠቃለል ነው የሚል ደብዳቤ ደርሷል። ምክንያቱም ተጽፏል፤ በሰሌዳው እንደሚታየው በወረዳው ያለው ብልሽት አነስተኛ በመሆኑ ይላል። ሦስት መካኒኮች ነን።

ስለዚህ ገንዘብም ዘንግም ይቅርብኝና አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሪፖርት ያልመጣለት ጉድጓድ እንደሚሠራ ይቆጠር ያለው ማነው? ያን ሰው አግኚውና መካኒክ አጎት አለኝ፣ ሊያነጋግርህ ይፈልጋል በይው።

እናትሽ ደህና ናት። ጎረቤት ውሃ ያመጣልኛል ያለችሽም እንዳለችው ነው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 6 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን አሉልኝ? ይህን ያህል ስቆይ የተቀየሙኝ እንደሆነ ሰበብ አልደረድርም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ጥያቄዎን ለአለቃዬ አቅርቤያለሁ። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ «የሕዝብ ሰሌዳ ነው። የአንድ ሠራተኛ አጎት በጻፈው ደብዳቤ ቁጥር ከቀየርን ነገ ማን ያምነናል?» አለኝ። ያ እርስዎ ያሉት ደንብም በዘፈቀደ የወጣ አይደለም፤ ባለሙያዎች መክረውበት ነው። በየአገሩ ይሠራበታል። የጥገና ክፍሉ እንዲጠቃለልም የወሰነው ሰሌዳው ሳይሆን ሰው ነው። ሰሌዳው አይወስንም፣ ያሳያል እንጂ።

ሰሌዳው ሽልማት አግኝቷል። ልነግርዎ አልፈለግሁም ነበር፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው።

እማዬ ሦስት እሑድ ስልክ አላነሳችም። ምን ሆናለች?

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 3 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ባለፈው ረቡዕ የጥገና ክፍሉ ተዘጋ። ጭነት መኪና መጥቶ ዕቃውን ወሰደው። ማንሻውን፣ የቧንቧ መያዣዎቹን፣ መፍቻዎቹን ሁሉ እየቆጠርኩ አስረከብኩ። አንዱ ጓደኛዬ መደርደሪያውን ጭምር ሲነቅሉት «ምስማሩን እንኳ ተዉልን» አለ። ሳቁበት። ሁለቱን አሰናበቷቸው። እኔን ጡረታዬ እስኪደርስ ባዶው መጋዘን በር ላይ አስቀመጡኝ። የምጠብቀው ምን እንደሆነ ስጠይቅ በሩን ነው አሉኝ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ አዝናልኝ ሰሌዳውን በስልኳ እንደገና ከፈተችልኝ። ከታች በትንሽ ፊደል «ስለ አሠራሩ» የሚል አለ። በባዕድ ቋንቋ ነው፤ እሷ እየተረጎመች አነበበችልኝ። ገጽ አሥራ አራት ላይ እንዲህ ይላል፤ «ከስድስት ወር በላይ አዲስ ሪፖርት ያልቀረበለት የውሃ ተቋም የመጨረሻው የታወቀ ሁኔታው እንደጸና ይቆጠራል።» ሁለቴ አስነበብኳት። ከዚያ ይህን ክፍል ያዘጋጀው ማነው አልኳት። ወደ ታች ወረደችና አንድ መስመር ላይ ቆመች። «ምነው?» ስላት ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። የሰው ስም በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ያንቺን አላጣውም። ከነአባትሽ ስም ነው የተጻፈው፤ አንድ ብቻውን፣ ሌላ ሰው አብሮት የለም።

አንቺ ነሽ ወይስ ስምሽን አለአግባብ አስገቡት? ሰው ከማማቴ በፊት መጠየቅ ይሻላል ብዬ ነው።

የእናትሽ ስልክ ተበላሽቶ ነው። ደህና ናት።

አጎትሽ


ግንቦት 27 ቀን

ጋሼ፤

ሰላምታዬን እንደ ወትሮው አስረዝሜ ልጀምር ብዬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ። በሚያዝያ «ባለሙያዎች» ብዬ የጻፍኩልዎትም እኔን ነው።

ሰሌዳውን ስንጀምር ከግማሽ የሚበልጠው ወረዳ መረጃ አልነበረውም። መረጃ የሌለው በግራጫ ነበር የሚታየው። ለረጂዎቹ ልናሳይ አንድ ሳምንት ሲቀረን አለቃዬ ፊቱ ቆሞ አየውና «ይሄ የልማት ካርታ ነው ወይስ የደመና?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። «ምን ይሻላል?» ሲል መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የሚሠራ ጉድጓድ ነገ አይጠፋም፣ የመጨረሻውን ሪፖርት እናራዝመው አልኩ። ከምሳ መልስ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አንድ መስመር ነው። ካርታው ሲያምር ደስ አለኝ። ያን ቀን ስለ ቀለም እንጂ ስለ ጉድጓድ አላሰብኩም።

ጉድጓድ ተበላሽቶ ዓመት ሙሉ የሚጠይቀው እንደሚያጣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ያደግሁት እርስዎ ቤት ነው። እራት ላይ የሚያወሩት ስለ ሌላ ምን ነበር? ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። አላውቅም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር።

ደንቡን አስለውጣለሁ። ሥራዬን ቢያስለቅቀኝም አስለውጣለሁ። እርስዎ ግን የእማዬን እውነት ይንገሩኝ። የተበላሸ ስልክ ሦስት ወር አይቀመጥም። ጎረቤት ጋ ደወልኩ፤ «አጎትሽ ይነግርሻል» ብላ ዘጋችብኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 2 ቀን

ልጄ፤

እውነቱን ጠይቀሻል፤ እኔም የምናዘዘው አለኝ።

ጎረቤት ውሃ አምጥቶላት አያውቅም። ሠላሳ አንድ ከቆመ ጀምሮ እናትሽ ራሷ ነበረች ከወንዝ የምትቀዳው። ቁልቁለቱን ታውቂዋለሽ። እኔ ላምጣልሽ ስላት «አንተ በዚያ ጉልበትህ ወርደህ ሁለታችንንም ማን ሊያነሳን ነው?» ትለኝ ነበር። መጋቢት ዘጠኝ ቀን ጀሪካኑን ይዛ ስትወጣ ድንጋዩ ከድቷት ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ነው። ሆስፒታል አድርሰናታል። ሐኪሙ አይቷት በዚህ ዕድሜ ቀዶ ጥገናው ያሰጋል አለን። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። እኔ ወደ ቤቷ ተዛውሬያለሁ። አገላብጣታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ እሷም ትሰድበኛለች፤ እንዲህ ነው የምንኖረው። ለልጅቷ እንዳትጽፍ ብላ አስምላኛለች። መሐላው ዛሬ ፈረሰ።

ያንቺን ደብዳቤ አንድም ሳላስቀር አነበብኩላት። ሳልቆርጥ ሳልቀጥል አነበብኩላት ብዬ እነግርሻለሁ። ስጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሄጄ ውሃ አሙቄ ስመለስም እንደዞረች ነበረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው እኮ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«በየሳምንቱ ውሃው እንዴት ነው ትለኛለች። ደህና ነው እላታለሁ። ልጄ ምን ታድርግ?»

«አንቺ እናት ነሽ» አልኳት። «እናት ልጇ እንዳታስብ ደህና ነኝ ትላለች። እሷ ግን ደመወዝ የሚከፈላት ባለሙያ ናት። ሥራዋ ማጣራት ነው። አንድ አይደላችሁም።»

«አትጻፍላት ይህን» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

እኔም ሁለት ጊዜ ዋሽቼሻለሁ፤ አንዴ ስለ ጎረቤት፣ አንዴ ስለ ስልኩ። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ግን የእኔን ውሸት ላንቺ ጥፋት ማካካሻ አታድርጊው። የእኔ ውሸት አንድ ሰው ነው ያታለለው።

ደንቡን ካስለወጥሽው ጻፊልኝ። ካላስለወጥሽው አትጻፊ።

አጎትሽ


ጥቅምት 20 ቀን

ጋሼ፤

ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥዎት፤ እማዬንም ከሥቃይ ያሳርፍልኝ። በስልክ ካገኘኋት ወዲህ ስለ ሕመሟ አንድ ቃል አልወጣትም። የምታወራኝ ስለ እርስዎ ወጥ አሠራር ነው። ጨው አያውቅም ትለኛለች።

ደንቡ ተለውጧል። አለቃዬ ሦስት ወር ሙሉ «እናያለን» ሲለኝ ከረመ። በመጨረሻ በትልቅ ስብሰባ መካከል ተነስቼ የእኛን ወረዳ ከፈትኩና ሒሳብ ሠራተኛዋ በፎቶ የላከችልኝን የደብተርዎን ዝርዝር አንድ በአንድ አነበብኩ። ስልሳ አንዱንም። ማንም አላቋረጠኝም፤ አላጨበጨቡምም። በሳምንቱ ደንቡ ተሻረ። ከእንግዲህ ስድስት ወር ሪፖርት ያልላከ ወረዳ ግራጫ ይሆናል።

የሚቀጥለውን እንዴት እንደምጽፍልዎ አላውቅም። በአንድ ቀን አሥራ ዘጠኝ ወረዳ ግራጫ ሆነ፤ የእኛም አንዱ ነው። እሰይ፣ አሁን መረጃ ይላኩ ይሏቸዋል፣ ሰው ወርዶ ያያል ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የዓመቱ የጥገና ዕቅድ ወጣ። ዘንግና የጎማ ማሸጊያ የሚላከው ቀይ ለሆኑት ነው። ግራጫዎቹ ጎን «መረጃ የሌላቸው በመሆናቸው በዘንድሮው ዕቅድ አይካተቱም» ተብሏል። አረንጓዴ ሳለን አልተሰጠንም፤ እውነቱ ሲነገር ደግሞ ከዝርዝሩ ወጣን። አለቃዬ «ለዚህ ነበር የፈራሁት» አለኝ። ሲለኝ የምር ያዘነ ይመስል ነበር።

እኔን ከሰሌዳው አንስተው የሥልጠና መመሪያ ወደሚጻፍበት ክፍል አዛውረውኛል። አልተባረርኩም። ብባረር ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ፣ መምጣት እፈልጋለሁ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እማዬን ላያት፣ እርስዎንም ላሳርፍዎት። ግን በየትኛው ፊቴ? ትምጣ ካሉኝ እመጣለሁ። ይቅርባት ካሉም አልቀየምዎትም።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽን ያብዛው። ደብዳቤሽ ሲደርስ እኛም እዚህ የሠራነው ሥራ ነበር፤ ልንገርሽ።

ዘንግ እንደማይመጣ ስናውቅ የተሰናበቱትን ሁለቱን ጓደኞቼን ጠራሁ። መሣሪያ የለንም፤ ገመድና ሁለት ወፍራም እንጨት ይዘን ወጣን። ሃያ ሁለት ቁጥር ጉድጓድ ከኛ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እሱም ከቆመ ቆይቷል፤ የተበላሸው ግን ሌላው ዕቃው ነው፣ ዘንጉ ደህና ነው። ፈታነውና ዘንጉን መዘዝነው። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ወጡ። ሊጠገንልን ነው ብለው ነው። አንዷ ልጇን አዝላ ውሃ አቀረበችልን፤ ከወንዝ የቀዳችውን። ጠጣሁላት። ዘንጉን ትከሻችን ላይ ስናደርግ «መቼ ትመልሱታላችሁ?» አለችኝ። ጓደኞቼ ወደ መሬት አዩ። እኔ «ሲመጣ» አልኳት። ምን ሲመጣ አላለችኝም።

በሦስተኛው ቀን ሠላሳ አንድ ውሃ ሰጠ። እናትሽ አልጋዋ ላይ ሆና እጀታው ሲንቀሳቀስ ሰማች። «ማነው?» አለችኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው አልኳት። መስኮቱን ክፈተው አለችና እስኪመሽ ስታዳምጥ ዋለች። ዘንጉ ከየት እንደመጣ አልጠየቀችኝም። ሃያ ስድስት ዓመት የመካኒክ እህት ሆና የኖረች ሴት ናት፤ ያልጠየቀችው ስለምታውቅ ነው።

በሳምንቱ ኃላፊው ስልኩን ይዞ መጣና ከጉድጓዱ ጋር ፎቶ ተነሳ። እሱ እንደኔ ኮረብታ አይወጣም፤ በሞተር ብስክሌት ቢሮው ተመልሶ ቅጹን በኮምፒውተሩ ሞላ። ጽሕፈት ቤቱ ባደረገው ጥረት ተጠገነ ብሎ ላከ። ሠላሳ አንድ አረንጓዴ ሆናለች አሉ። ሃያ ሁለትን አልላከም።

ልምጣ ወይ ብለሻል። እናትሽን ጠየቅኳት። «ትምጣ» አለች፤ «ብቻ አታልቅስብኝ፣ እኔም አልቅሼ አልጨረስኩም።» እኔ ደግሞ የምለው ይህን ነው። ነይ። በየትኛው ፊቴ አትበይ፣ ያለሽ አንድ ፊት ነው። እናትሽን ሳሚያት፣ አንድ ቀን እረፊ። በማግስቱ ግን ሃያ ሁለት ድረስ አብረን እንሄዳለን። ሴቶቹን እጠራቸዋለሁ። ካርታውን የሠራችው እሷ ናት እላቸዋለሁ፣ ዘንጉን የወሰድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ ንገሪያቸው። እኔ የምላቸው አጥቻለሁ።

አጎትሽ